የአክስቴ ውሃ ጥም

አክስቴ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነበሩ። ከኦሎምፒያ እስከ ቦሌ ሚካኤል፣ ሴት ወይም ልጅ ተበደለ የተባለበትን ቤት በእግራቸው እየዞሩ ያንኳኩ ነበር። ሲገቡ ግን ስለ በደል አያነሡም። “ደክሞኛል፣ ውሃ አጠጡኝ” ነው የሚሉት። ውሃውንም ከቤቱ እመቤት እጅ ካልሆነ አይቀበሉም። ሴትዮዋ ስታመጣላቸው ፊቷንና አረማመዷን ያያሉ።

ባሌ ሲሞት ነገሩ እኔም ዘንድ ደረሰ። ወንድሙ ቤቱን በስሙ እንዳዞርለት ፈልጎ “ሐዘንተኛ ደጅ አትወጣም” አለና የግቢውን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። ሰልስቱም አርባውም አለፈ፤ እኔ እዚያው ነኝ። አክስቴ መጡና ውሃ ጠየቁ።

“ሠራተኛዋ ታምጣልዎ እትዬ፣ እሷ ተኝታለች” አላቸው።

“እስክትነቃ እጠማለኋ! አንተም ቁጭ በል፤ ብቻዬን መጠማት አልወድም።”

እስኪመሽ አልተነሡም። በመጨረሻ ሰልችቶት ጠራኝ። ብርጭቆውን ስሰጣቸው እጄን ያዙ፤ ሳይለቁኝ በሩን አስከፍተውት ይዘውኝ ወጡ።

አክስቴን ከቀበርን ወዲህ ውሃ የሚጠይቅ ሰው የለም። ከቤቴ ጀርባ ያለችው ሙሽራ ከሠርጓ በኋላ ደጅ አልታየችም። ማን ያንኳኳላታል እያልኩ ሰነበትኩ። የተዘጋ የቆርቆሮ በር ሳይ ዛሬም መንገድ ቀይሬ አልፋለሁ። ትናንት ግን አንኳኳሁና ሚስትህ ውሃ ታጠጣኝ አልኩት።

“ውሃ ሄዷል” አለኝ ባልየው፣ በሩን ገርበብ አድርጎ።

“እስኪመጣ እጠብቃለሁ” ብዬ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።