ያልመጣው ጎርፍ

ኢክላስ አደም የአየር ጠባይ ትምህርቷን ጨርሳ አዲስ አበባ በአንድ የግል ቴሌቪዥን ስትቀጠር፣ የጨፋ ገበሬ ልጅ የሰማዩን ነገር ልትነግረን ነው ተብሎ ከሚሴ ገበያ ላይ ሳይቀር ተወርቶላት ነበር። መጀመሪያ ሦስት ደቂቃ ነበራት። ካርታው ፊት ቆማ ደመናው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ታስረዳለች። ከዚያ የሳሙና ማስታወቂያ መጥቶ ሁለቱን ደቂቃ ወሰደው። በኋላ ደግሞ "ቴሌቪዥን የሚያይ የለም፣ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ነው" ተባለና የቀረቻት አንድ ደቂቃም ለዲጂታል ክፍሉ ተሰጠች።

የክፍሉ ኃላፊ ኢልያስ ይባላል። ይህ ሰው በልግን ከክረምት አይለይም፤ ለእሱ ሁለቱም ጫማ ያበላሻሉ። ስለ ዝናብ የሚመክራት ግን እሱ ሆነ፤ ወይ አለመተዋወቅ!

"'ቀላል ዝናብ' ብትይ ማን ይከፍትልሻል?" ይላታል። "ሰው እንዲያይሽ መደንገጥ አለበት።"

ኅዳር ላይ ኢክላስ "በከሚሴና አካባቢው በጥቂት ቦታዎች ቀላል ዝናብ ሊጥል ይችላል" ብላ ተቀርጻ ወጣች። ኢልያስ ዩቲዩብ ላይ ሲጭነው በቀይ ፊደል "ሰበር! ወሎን የሚያጥለቀልቅ ጎርፍ" ብሎ ለጠፈበት። ከጎኑ የእሷን ፎቶ አደረገ፤ ዓይኗ ፈጥጧል፣ አፏ ተከፍቷል። ልታስነጥስ ስትል የተቀረጸውን ነው መርጦ ያወጣው። አራት ዓመት የተማረችው ለዚህ ነበር እንግዲህ!

"ይህ እኮ ውሸት ነው፣ አንሣው" አለችው።

"ሁለት መቶ ሺህ ሰው አይቶት? አብደሻል?"

ዝም አለች። እኔ ያልኩት ቪዲዮው ውስጥ አለ፣ የፈለገ ይስማ ብላ ራሷን አጽናናች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እንጀራዬ ይቀርብኛል ብላ ፈርታ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

በሳምንቱ አገሯ ገባች። ከሚሴ ከሚኒባስ ወርዳ በባጃጅ ጨፋ ስትደርስ ሰማዩ ኩልል ብሏል፤ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። የጎረቤቶቹ ጤፍ ለመድረስ ጥቂት ቀን ቀርቶት በየማሳው ቆሟል። የአባቷ የአደም ብቻ ታጭዶ ተከምሯል፣ ገና አረንጓዴ ነው። አንዱን ዘለላ በመዳፏ አሸችው። እብቅ እንጂ ፍሬ አልወጣውም።

"አባ፣ ምን ነካህ? ሳይደርስ?"

"ጎርፍ ይመጣል ብለሽ የለ እንዴ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?" አለ አደም። "ከጎረቤት ስልክ ላይ አሳዩኝ፣ ጽሑፉንም አነበቡልኝ። ቪዲዮው ኔትወርክ የለም ብሎ አልከፈት አለ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ፊትሽን ግን አውቃለሁ። ልጄ እንዲህ የደነገጠችው ያየችው ነገር ቢኖር ነው ብዬ በደቦ አሳጨድኩት። ሰዎቹ ሰማዩን እያዩ ሳቁብኝ። ወላሂ፣ የኔ ልጅ አትዋሽም አልኳቸው።"

ልታስነጥስ እንደነበር ልትነግረው ፈለገች። አሁን ምን ሊጠቅመው! ኢልያስን ረገመች፣ ጣቢያውን ረገመች፤ ከሁሉም ይልቅ ግን ያን ዕለት ዝም ያለችውን ራሷን ናቀች።

"እኔ አላልኩም፣ አባ። እነሱ ናቸው የጻፉት። አይቼም ዝም አልኩ።"

አደም ክምሩ ሥር ተቀመጠ። "አብሽሪ፣ አይዞሽ" አላት። "የአላህ ነው።"

ጎረቤቱ ሙሐመድዘይን በሬዎቹን እየነዳ በማሳው ዳር ሲያልፍ አደም ከተቀመጠበት ተነሣ። ልጁ አጠገቡ እንደቆመች፣ ፊቱን ወደ ጎረቤቱ አዙሮ ተጣራ።

"ሙሐመድዘይን! ነገ ሰማዩ እንዴት የሚሆን ይመስልሃል?"