ከመብራቱ በፊት

ፍኖተ ሰላም ነው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኞችን የሙያ ብቃት ልመዝን ሄጄ። አቶ ደሴ የሚባሉ ጎልማሳ በማንኩሳ ዙሪያ፣ ያለ ምስክር ወረቀት፣ ስንት ቤት መብራት ሲያስገቡ ኖረው፣ አሁን ሲኦሲ የሚባለውን ምዘና ካላለፉ ሥራ እንደማያገኙ ተነግሯቸው መጥተዋል።

ሰሌዳው ላይ ሽቦውን ዘረጉ፣ አምፖሉን ገጠሙ። ንጹሕ ሥራ ነው። የቀረው ማብራት ብቻ ነበር።

«ያብሩት» አልኳቸው።

እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ደገምኩላቸው። ወለል ወለሉን ያያሉ። ተራቸውን የሚጠብቁት ተመዛኞች መተያየት ጀመሩ። ሰዓቱ እያለቀ ነው፤ ካላበሩት ደግሞ ወደቁ ማለት ነው።

«ሥራዎን እርስዎ ካላመኑት እኔ እንዴት አምነዋለሁ?» አልኩ ቆጣ ብዬ።

«ሥራዬንስ አምነዋለሁ ጋሼ። ግን እኛ ዘንድ መብራት የገባ ቀን የቤቱ ትልቅ ሰው ሳይመርቅ አይበራም። እኔም ሳይመረቅ አብርቼ አላውቅ።»

«ይኼ እኮ ቤት አይደለም፣ ሰሌዳ ነው። ደግሞስ እዚህ ምን ሽማግሌ አለ?»

አቶ ደሴ ክፍሉን ቀስ ብለው ቃኙ። ዓይናቸው ከአንዱ ወጣት ወደ ሌላው ሲዞር ቆይቶ እኔ ላይ አረፈ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እርስዎ አሉ እኮ» አሉኝ።

እንኳን ልመርቅ፣ አባቴ ካረፈ ወዲህ «አሜን» ያልኩበትንም ቀን አላስታውስ። ይህንኑ ላስረዳቸው ቀና ስል፣ ተመዛኞቹ ሁሉ ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ይጠብቁኛል።