የቀትር ትምህርት ከቆርቆሮ ሥር

ታናሽ እህቴ የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ክረምት ከበጋ ከእጇ የማይለየውን አይተው ተማሪዎቿ «ጃንጥላ» ይሏታል፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው ሰፈር ዛፍ የበዛበት፣ ግንቡ የወፈረ ነው። ከታች ያለው ደግሞ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው። የሁለቱም ልጆች አንድ ክፍል ይማራሉ። ፀሐይ ለሁሉም እኩል ትወጣለች ይባላል፤ እኔም ብዙ ዘመን አምኜው ኖሬያለሁ። እህቴ ግን የዓለም ሙቀት በጨመረ ቁጥር ማንን ቀድሞ እንደሚለበልብ ልጆቹ በገዛ ቤታቸው ይዩት ብላ፣ ቴርሞሜትር በየተራ እያዋሰች የቀትሩን ሙቀት እንዲለኩ አዘዘቻቸው።

ሐሳቡ ደግ ነበር። የተሳሳተችው ውጤቱን ጮክ ብለው እንዲያነቡ ማድረጓ ላይ ነው። ከታችኛው ሰፈር የመጣች የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ቁጥሯን ስታነብ ከላይኛው ሰፈር የመጣ አንድ ልጅ፣

«እናንተ ቤት ዳቦ ያለ ምድጃ ይበስላላ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልመጣችም።

እህቴ ቤቴ መጥታ ተንሰቀሰቀች። «ጋሼ፣ ልጅቷን ሰው ፊት እርቃኗን አቆምኳት እኮ!»

«ልጅ አይደለች? ትረሳዋለች።»

«እንዲህ ያለው ይረሳል? አንተ እዚያው ፀሐይ ለሁሉም እኩል ትወጣለች እያልክ ተፈላሰፍ!»

 ውሃ ቀዳሁላት።

እሷ ግን ተነስታ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደች። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ደጅ አውጥታ ከግድግዳው ጥላ ሥር ትሰፋለች።

«ይግቡ እንዳልልዎት መምህርት፣ በዚህ ሰዓት ውስጡ አያስቀምጥም።»

ልጅቷ ግን ከበሩ መጋረጃ ጀርባ ተደብቃ ነበር። እህቴ በመጋረጃው በኩል፣ «የኔ ልጅ፣ ነገ የምንማረው እኔ ቤት ነው። አላስነብብሽም፣ አልጠይቅሽም። ብቻ ነይልኝ» አለቻት።

በማግስቱ ለእህቴ ወንበር ላደርስላት ሄድኩ። የእህቴ ቤት ኮርኒስ የለውም። ልጆቹ ይህን አያውቁም ነበር፤ መምህር ሁሉ ደህና ቤት የሚኖር ይመስላቸዋል። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ቋ፣ ቋ እያለ ይንጣጣ ጀመር። ያ የቀለደው ልጅ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«መምህርት፣ በሩን ብንከፍተውስ?»

«ክፍት ነው እኮ፣ የኔ ጌታ።»

እሱም ሳይቀር ሳቀ። እህቴ ግን ዓይኗ ደጁ ላይ ነበር። ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል የልብስ ሰፊዋ ልጅ የበሩ ደፍ ላይ ቆመች። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

«እርስዎም?» አለች ቀስ ብላ።

«እኔም፣ የኔ ዓለም።»

ገባች። የቀለደው ልጅ ቀና ብሎ ሳያያት ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ትንሽ ቆይቶ፣ «ታዲያ በዚህ ሙቀት እንዴት ትተኛላችሁ?» አላት። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

«አንሶላ አርጥበን እንለብሳለን» አለችው። «ውሃ ከመጣ ነው ታዲያ።»

«ካልመጣስ?»

ትነግረው ጀመር። እህቴም ጠመኔዋን አስቀምጣ፣ ከልጆቹ መሐል ቁጭ ብላ አዳመጠች።