የኤዶ ሐሊማ ዓሣ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ካፌ ተቀምጬ የማንጎ ጭማቂ ስጠጣ መብራት ጠፋ። ጥግ ላይ በነበረው የዓሣ ገንዳ ውስጥ አረፋው ቀጥ አለ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ እኔ ባዶ ብርጭቆዬን ይዤ ገንዳው ዘንድ ደርሼ ነበር። አስተናጋጇ ሳቀች።

"እማ፣ ምን ልታደርጊ ነው?"

ምን ብዬ ልንገራት?

ባቡሩ ጅቡቲ በሚመላለስበት ዘመን ኤዶ ሐሊማ የምትባል ጎረቤት ነበረችን። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እንደዚያ ነበር የሚጠራት። አንድ ልጇ ጅቡቲ መርከብ ላይ ይሠራ ነበር። እሱ ነው ከነባሕር ውኃው በጀሪካን አድርጎ ዓሣውን የላከላት፤ ብርቱካናማ፣ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀ፣ ከጣቴ የማይበልጥ። ከዚያ በኋላ የልጁ ወሬ ጠፋ። እሷም "ይኼ ካለ ልጄ አለ፣ ወላሂ" ማለት ጀመረች። እኛ ወጣቶቹ ከኋላዋ እንስቅ ነበር።

ልጇን ፍለጋ ጅቡቲ ስትወርድ ዓሣውን ለእኔና ለወንድሜ ለጌቱ አደራ ሰጠችን። አደራ ጥብቅ ነው፤ የኤዶ ደግሞ ባሰ።

የምትመለስበት ቀን ደረሰ። ሰኔ ነው፣ ቀትር ነው፤ ድሬ ሱቋን ዘግታ ተኝታለች። ቬንትሌተሩ ሲቆም በላብ ተነከርኩና ነቃሁ። ለዓሣው አየር የሚነፋው ትንሽ ሞተርም ቆሟል። ዓሣው ከውኃው አናት ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

"ጌቱ፣ ተነሥ! እየታፈነ ነው!"

"አቦ ተይኝ፤ መብራቱ አሁን ይመጣል።"

አልመጣም። አየር እንዲገባበት፣ ትኩስ ሻይ እንደምናቀዘቅዘው ውኃውን በብርጭቆ እየጨለፍን ከላይ ማንቆርቆር ጀመርን። ውኃው እንዳይሞቅ ጌቱ የገንዳው መስተዋት ላይ እርጥብ ፎጣ ጠመጠመ። የምሳ ፓስታችን ሳይነካ ደረቀ። ክንዴ ዛለ፤ ላቤ ውኃው ውስጥ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን በትከሻዬ እጠርጋለሁ። አመሻሹ ላይ ዓሣው በጎኑ ተጋደመ።

"በቃ፣ ሞተ" አለ ጌቱ፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ።

"ብርጭቆውን አንሣ!" ብዬ ጮህኩበት። ፈርቼ ነበር። በር ላይ ስትቆም የሚሆነው የኤዶ ፊት ነበር የሚታየኝ።

የባቡሩ ጡሩምባ ከጣቢያው ተሰማ። ጌቱ ብርጭቆውን አነሣ።

ኤዶ ስትገባ ሰላም እንኳ አላለችንም። ጓዟን ደጃፉ ላይ ጥላ መስተዋቱ ላይ አጎነበሰች። ዓሣው ጅራቱን አንዴ ወዝወዝ አደረገና ቀስ ብሎ ቀና አለ።

"አለ?" አለች።

"አለ፣ ኤዶ። ልጅሽስ?"

"አየሁት የሚል ሰው አጣሁ። ግን ይኸው፣ አለ አይደል?"

ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለችኝ። መብራት መጥቶ ሞተሩ ከተነሣ በኋላም ማንቆርቆሩን አልተወችም። ያን ቀን መሳቄን ተውኩ።

ዓሣው በሚቀጥለው በጋ ሞተ። ኤዶ ለልጇ ሐዘን ተቀመጠች። ሰው ከቤቷ ሳይበተን ልጁ ጺሙን አሳድጎ፣ ወፍሮ፣ ከየመን መጣ። "ዋሪያ፣ የት ነበርክ?" ብላ በጥፊ አላሰችው፤ ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ስለዚህ አውቀዋለሁ፤ ዓሣ ዓሣ ነው። የእኔ ልጅ ጅዳ ናት። በየዓርቡ ትደውላለች፣ ደህና ነኝ ትላለች። ስትሄድ የግድግዳ ሰዓት ገዝታ ሰቅላልኝ ነበር። ባትሪውን ሳይደክም እቀይረዋለሁ። ቆሞ አይቼው አላውቅም።