መሬት ያልበላው

«ማን ያጥባል? እሱን ንገረኝ! አንተ ታጥባለህ?»

እህቴ የአራት ወር ልጇን አልጋ ላይ አጋድማ ሁለት እግሯን ወደ ላይ እንደያዘች ነበር የምትጮኸው። የሕፃኗ ጭን መሀል ዳይፐሩ በነካው በኩል ቀልቶ ተልጧል። የወሊድ ፈቃዷ አልቋል፤ በማግስቱ ቢሮ ትገባለች።

«አጥባለሁ» አልኩ።

«አንተ? ሩብ ሰዓት ቁጭ ማለት የማትችለው? ይሄ እኮ ግጥም አይደለም፤ ስትሰርዘው አይለቅም!»

ውሸት አላለችም። ያን ሰሞን የያዝኩት ስንኝ ሁሉ ግማሽ ላይ ይቀርብኛል። ያለ ምክንያት መናኸሪያ ወርጄ የሐዋሳ መኪና ሞልቶ ሲወጣ አይቼ እመለሳለሁ።

ጠቡ የተነሳው ጠዋት ጓሮ ውስጥ ነው። እህቴን ልታርስ ከደጋው ቡሌ የወረደችው እናታችን እንደ አገሯ ልማድ ምንም አትጥልም። ጥራጊውም አመዱም እንሰት ሥር ይገባል፤ መሬት ይበላዋል፤ እንሰቱ ይወፍራል። ዳይፐሩንም እዚያው ስትቀብር ከርማለች። ያን ቀን ችግኝ ልትተክል ስትቆፍር ከሦስት ወር በፊት የቀበረችው ተከትሎ ወጣ። ውሃ ጠጥቶ እንደ ትራስ አብጧል። ላስቲኩ ላይ ያለው የድብ ሥዕል እንኳ አልደበዘዘም።

«አልበላውም አለ» አለች፣ የታመመ ሰው እንደምታይ። «እናንተን ያሳደግሁበት ጨርቅ ሲያረጅ መወልወያ ሆነ፤ ሲበጣጠስ እንሰት ሥር ገባ። አሁን ብትፈልገው የለም።»

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። አሮጌ አንሶላና ፎጣ ሰብስቤ ገበያ ያለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሮጥኩ። ውስጡ ፎጣ የተደረበ፣ ጎኑ ላይ ቁልፍ ያለው አሥራ ሁለት የሽንት ጨርቅ አሰፋሁ። እህቴ የምትጮኸው ስለነዚህ ነው።

«ዝናቡስ? እንዴት ሊደርቅ ነው? ምድጃ ላይ ሰቅለህ ልጄ ቋንጣ ቋንጣ ልትሸት?»

እናቴ ሳቀች። «እኔ ልጅ እይዛለሁ። ወገቤ ግን ለሳፋ አይጎነብስም» አለችና አየችኝ።

ሁለቱም አዩኝ።

ከሰዓት በኋላ ጀመርን። ሕፃኗ በረጠበች ቁጥር ታለቅሳለች፤ እንቀይራለን። ዳይፐር ላይ እያለች ግማሽ ቀን ዝም ትል ነበር፤ ለካ ዝምታው ነው የላጣት። ቆሻሻውን ጉድጓድ ደፋሁ፣ በሳሙና አሸሁ፣ አፈላሁ፣ ዝናብ እንዳይነካው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ገመድ ወጥሬ አሰጣሁ። እጄ ተሸበሸበ። ሦስት ጊዜ ጥዬው ልወጣ ተነስቼ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት እህቴ ለቢሮ ለብሳ ገመዱ ሥር ቆመች። አንድ በአንድ ጉንጯ ላይ እያስነካች ሞከረች። እርጥቡን ፊቴ ላይ ወረወረችው፤ ደረቁን ለልጇ አሰረችላት። የልጅቷን ጭን ጎንበስ ብላ አየች። ቅላቱ አልጠፋም፤ አዲስ ግን አልወጣም። 

ቦርሳዋን አነሳች። ከዚያ ተመልሳ ቁም ሣጥኑን ከፈተችና የተረፈውን የዳይፐር እሽግ ጎትታ አወጣች።

«ይሄን ወዴት ነው?» አልኳት።

«ቢሮ። አንተን አውቅህ የለ፤ መናኸሪያ ሲያምርህ ይሄን ታስርላትና ትጠፋለህ።»

እሽጉን ብብቷ ሥር አደረገች። ልጇን ግንባሯ ላይ ስማ ወጣች፤ በሩ ተዘጋ።