በሐውልቱ ፊት ያማተበች እጅ

የፍሬህይወት ቀኝ እጅ ከልጅነቷ ጀምሮ ማማተብ ለምዳለች። ቅድመ አያቶቿ አይሁድ ነበሩ፤ እሷ ግን ጎንደር ክርስትና ተነሥታ ነው ያደገችው። ሃይፋ ከገባች ወዲህ ቀን አረጋውያን መጦሪያ ስታጸዳ ትውላለች፤ ማታ ደግሞ ጊዩር፣ ወደ አይሁድነት መመለሻውን ትምህርት ትማራለች። ስታስነጥስ እንኳ እንዳታማትብባት እጇን ኪሷ ትከታለች፤ እጅ መቼ ምክር ይሰማል! ባሏ ጀምበሩ ፈተናውን አልፏል። እሷም በቤት ዲን፣ በሃይማኖት ፍርድ ቤቱ ዳኞች ፊት ካለፈች እንደ ሕጉ እንደገና ይጋባሉ፤ ለሠርጉ አዳራሽ ተይዟል።

በጸደይ መምህሩ ተማሪዎቹን ክርያት ሐይም ሰፈር ወዳለ ሐውልት ወሰዳቸው። ናዚዎች የፈጁት የአንድ ከተማ ሕዝብ መታሰቢያ ነው። ፍሬህይወት ዕብራይስጡን ፊደል በፊደል እየለቀመች አንድ ስም አነበበች። ቀጥሎ ዕድሜውን አየች፦ ሦስት ዓመት። ከሥሩ እህቱ፣ ከእህቱ ሥር ጨቅላው ወንድማቸው።

«እኔን ይድፋኝ፣ ልጆቼ!» አለች። እጇም ሳታዝዛት ግንባሯ ላይ ደረሰች፤ ወደ ደረቷም ወረደች።

ዞር ስትል ማንአለብሽ ስልኳን ደግናለች። ማንአለብሽ ጎንደር ወደ እስራኤል የመሄጃ ተራ ሲጠብቁ ጎረቤቷ የነበረች፣ በምጧ ቀን ወገቧን የያዘችላት ወዳጇ ናት። ክረምት ላይ ዳኞቹ ስላላሳለፏት ትምህርቱን እየደገመች ነው። ያን ዕለት ፍሬህይወት አብራት አልቅሳለች።

«አነሣሽኝ እንዴ?»

«ሐውልቱን ነው እንጂ። ካለሽበት አጠፋዋለሁ፣ እሺ፣ ቤሰደር?»

አመነቻት። እሷን ያላመነች ማንን ልታምን?

የፈተናዋ ቀን ማንአለብሽ «ብቻሽን አትሄጂም» ብላ ሸኘቻት። ፍሬህይወት ስለ ሰንበቱም ስለ ጸሎቱም የተጠየቀችው ሁሉ እንደ ውኃ የጠጣችው ነበር። በመጨረሻ መካከል የተቀመጠው ዳኛ አንድ ፎቶ አሳያት። «ይህ እጅ ምን እያደረገ ነው?»

ፎቶው ላይ ፊቷና እጇ ብቻ ናቸው። ሐውልቱ ተቆርጦ ወጥቷል። ያን ቀን አጠገቧ ስልክ የያዘች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ከፀሐይ እየተከለልሁ ነው ብትል ማን ይከራከራታል? አላለችም።

«እያለቀስሁ ነው፣ ረቢ። እኔ ሳለቅስ እንዲያ ነው» አለች።

ዳኞቹ ተያዩና ሌላ ዓመት እንድትማር ነገሯት።

ማንአለብሽ በረንዳው ላይ ትጠብቃለች። ፍሬህይወት ፊቷ ቆመች። «ወዳጄ ነሽ ብዬ ነበር። እሽ፣ እኔንስ አሳልፈሽ ስጪ። እነዚያን ልጆች ለምን ቆረጥሻቸው?»

ማንአለብሽ መጀመሪያ ልትክድ አፏን ከፈተች። ከዚያ አቀረቀረች።

«እነሱ ካሉበት አዝና ነው ብለው ያሳልፉሽ ነበር» አለች። «እኔ ብቻዬን ልቀር?»