እትዬ ብርቄ ያላበላሹት ሎሽን

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው። ፋብሪካው ከኮተቤ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነበር። የሰውነት ሎሽን፣ የፀጉር ቅባትና ፈሳሽ ሳሙና እናመርት ነበር። ማዕረጌ ጀማሪ ኬሚስት ነበር። ነጭ ጋዎን፣ ትንሽ ሚዛንና አንድ ቴርሞሜትር አስፈርመው ሰጡኝና ወደ ማደባለቂያ ክፍል ላኩኝ።

ክፍሉን የያዙት እትዬ ብርቄ ነበሩ። መዝገቡ «የምርት ሠራተኛ ሁለት» ይላቸዋል። ከእንጦጦ ግርጌ በሁለት ታክሲ እየመጡ ከሁላችንም ቀድመው ይገባሉ።

የዚያን ቀን ውሃውን ዘይቱ ላይ ልገለብጥ ባልዲ ሳነሣ ክንዴን ያዙኝ። መጀመሪያ ሁለቱንም ለኪ አሉኝ። ዘይቱ ሰባ አምስት ዲግሪ ነበር፤ ውሃው አርባ። «የኔ ልጅ፣ እኩል ካልሞቁ አይዋደዱም» አሉኝ። ይህንን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ። ግን ደብተሬ ላይ እንጂ እጄ ላይ አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ የቅመማና የጥራት ኃላፊ ሆንኩ። ሙያውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ሎሽን ማለት ውሃና ዘይት ነው። ሁለቱ እንዳይለያዩ ማያያዣ ይገባበታል። ውሃ ያለበት ነገር ሁሉ ስለሚሻግት ደግሞ ማቆያ ይጨመርበታል። ከነዚህ አንዱን የነካ ሰው ሌላውንም እንደነካ ማወቅ አለበት። እኔ አውቅ ነበር። አውቄም ተሳሳትኩ።

ማያያዣችን ከውጭ የሚመጣ ሰም መሳይ ነጭ ፍሬ ነበር። አንድ ክረምት ከገበያ ጠፋ። የግዢ ኃላፊው ሳምሶን በምትኩ ስቴሪክ አሲድና ኮስቲክ ሶዳ አመጣ። ሁለቱ ሲገናኙ ሳሙና ይሆናሉ፤ ሳሙናውም ውሃና ዘይትን ያያይዛል። ዘዴው የቆየ ነው፣ በራሱ ነውር የለበትም። ሳምሶን የለውጥ ቅጹ ላይ «ተመሳሳይ» ብሎ ጻፈና ፈረመ። የፋብሪካው ባለቤት አቶ ግርማቸው ፈረሙ። እኔ ናሙናውን እጄ ላይ ቀባሁት። ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ አይለያይም። ፈረምኩ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ ያላት ደንበኛችን ትዕግሥት ሁለት ካርቶን አስጭና መጣች። ጠርሙሶቹ አብጠው ነበር። አንዱን ስትከፍተው ክፍሉን የሰነበተ የጎመን ውሃ ሽታ ሞላው። እሷም ቤቷ ትጠቀምበት ስለነበር የልጇ ክንድ በሙሉ ሽፍ ብሏል፤ ፎቶውን በስልኳ አሳየችን። ካሣ አልጠየቀችም። «ለስንት ሰው በእጄ ሸጥኩ?» ብቻ ነው ያለችው።

አቶ ግርማቸው ስብሰባ ጠሩ። ሳምሶን ያቀረበው የመጀመሪያ መፍትሔ ሽቶ እንዲጨመር ነበር። የሻገተ ነገር ሽታው ተሸፍኖ የሰው ገላ ላይ ይቀባ ማለት ነው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። እኔ እምቢ ስል ወሬው ወደ ሌላ ዞረ። ማሽኑ ይታጠባል፣ ውሃው ይፈላል፣ ታዲያ ማን ነካው? ሰው ተፈለገ፤ ተገኘም።

በማግስቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እትዬ ብርቄ «በንጽሕና ጉድለት» ከሥራና ከደመወዝ መታገዳቸው ተለጠፈ። ናሙና የወሰደ የለም። አንድ ነገር የለካ የለም። አሥራ አራት ዓመት የሠሩበት ቦታ በአንድ ወረቀት ቆሻሻ አላቸው፤ እሳቸውም ወረቀቱን ያነበቡት ከሠራተኛው ሁሉ ጋር ቆመው ነው።

አቶ ግርማቸው ቢሮ ገብቼ ማስረጃቸውን ጠየቅኋቸው። ቀና ሳይሉ መለሱልኝ። «ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ ያደገች ሴት ንጽሕና ከየት ታውቃለች?»

ወደ ቤተ ሙከራ ሄጄ መሳቢያዬን ከፈትኩ። የፒኤች ወረቀት ማለት አንድ ነገር ምን ያህል አሲድ እንደሆነ በቀለሙ የሚናገር ቁራጭ ወረቀት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። ከድሮው ሎሽን ካስቀመጥነው ናሙና ውስጥ ነከርኩት፤ ከአምስት በታች አሳየ። አዲሱ ውስጥ ስነክረው ስምንት ተኩል ሆነ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

የኛ ማቆያ ሶዲየም ቤንዞኤት ነበር። እሱ የሚሠራው አሲድ ባለበት ነው። ሳሙና ደግሞ የአሲድ ተቃራኒ ነው። ማቆያው በሙሉ ልኩ ተመዝኖ ገብቷል፣ ግን ጠርሙሱ ውስጥ ምንም አይሠራም። ይህንን ለማወቅ አንድ ደቂቃና አንድ ቁራጭ ወረቀት ይበቃ ነበር። ወረቀቱም ስፈርም መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

ለሳምሶን ነገርኩት። ሲትሪክ አሲድ ጨምረሽ ፒኤቹን አውርጂው አለኝ። ሞከርኩት። አሲዱ ሲገባ ሳሙናው ፈረሰ፣ ሎሽኑም እንደ ተበላሸ ወተት ተቋጥሮ ዘይቱ ከላይ ተንሳፈፈ። ስለዚህ ሁለት መንገድ ብቻ ቀረ፤ ወይ የድሮውን ማያያዣ መመለስ፣ ወይ በዚህ ፒኤች የሚሠራ ሌላ ማቆያ መግዛት። አቶ ግርማቸው ግን የወረቀት ቀለም ማስረጃ አይሆነኝም አሉ።

ቅዳሜ ሚዛኔን፣ ቴርሞሜትሬንና ጥሬ ዕቃውን በዘንቢል ይዤ እትዬ ብርቄ ቤት ወጣሁ። የድሮው ማያያዣ ከናሙና ክፍል የተረፈ ትንሽ ነበረኝ። ግቢያቸው ባሕር ዛፉ ሥር ነው። ሁለቱንም ዓይነት ሎሽን በራሳቸው እጅ እንዲያደባልቁልኝ ለመንኳቸው። ቂም ይዘውብኝ ነበር፤ የማያያዣው ለውጥ ቅጽ ላይ ፊርማዬን አይተዋል። ቢሆንም ከሰሉን አቀጣጠሉ፤ ከዚያ ወደ ጀበናው ሳይሆን ወደ ባልዲው ሄዱ።

«እጅዎን አይታጠቡ» አልኳቸው። ሁለቱንም ባልታጠበ እጅ ሠርተው አንዱ ብቻ ቢበላሽ ክርክሩ ያልቃል ብዬ ነው።

ዞር ብለው አዩኝ። «አሥራ አራት ዓመት ሳልታጠብ ነክቼ አላውቅም። ለእነሱ ብዬ ዛሬ አልጀምርም።»

ታጠቡ። እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጠቡ። አፈርኩ። ሁለቱን ሎሽን ደባልቀው ሲያበቁ እኔ ጣቴን ግቢው አፈር ላይ አሸት አድርጌ በሁለቱም ብልቃጥ ውስጥ ነከርኩ። ቆሻሻው የኔ ይሁን ብዬ። ብልቃጦቹን ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ አስቀመጥናቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ደወሉልኝ። በአዲሱ ማያያዣ የተሠራው አረንጓዴና ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶ ሥሩ ውሃ ቋጥሯል። የድሮው እንደ ተሠራበት ቀን ነው።

ብልቃጦቹን ከለውጥ ቅጹ ጋር አቶ ግርማቸው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። ሳምሶንም ነበር። የሆነውን ከመጀመሪያው ተናገርኩ፤ ፒኤች ሳልለካ መፈረሜንም አልደበቅሁም። አቶ ግርማቸው ይህችን ያዙ። «ታዲያ ጥፋቱ ያንቺ ነዋ» አሉኝ።

«የኔ ነው፣ የሳምሶን ነው፣ የእርስዎም ነው። ቅጹ ላይ ሦስት ፊርማ አለ። የእሳቸው የለበትም።»

ሎሽኑ ከሱቆች ተሰበሰበ፤ ከሾላ እስከ ላምበረት እኔው ራሴ ዞሬ ሰብስቤያለሁ። የድሮው ማያያዣ እስኪገኝ ምርቱ ቆመ። የእትዬ ብርቄም እገዳ ተነሣ። ስህተት መሆኑ በሰሌዳው ላይ ይለጠፍ ስል ግን አቶ ግርማቸው ድርጅት ለሠራተኛ ይቅርታ አይጠይቅም አሉ። ሲያዋርዱ አደባባይ ነው፣ ሲያርሙ በጓዳ።

እኔው ጻፍኩት። ሎሽኑ የተበላሸው በማያያዣው ለውጥ እንደሆነ፣ ለውጡን ማን ማን እንደፈረመ፣ እትዬ ብርቄ ጥፋት እንደሌለባቸው አስፍሬ በስሜ ፈርሜ ለጠፍኩ። ከምሳ በፊት ተነሣ። ሠራተኛው ግን በየስልኩ ፎቶ አንሥቶት ነበር። እኔ «ያለፈቃድ በመለጠፍ» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ልብ በሉ፤ ሕፃን ክንድ ላይ ሽፍታ ላወጣው ሎሽን ማስጠንቀቂያ የተጻፈለት ሰው የለም።

እትዬ ብርቄ የእገዳው ወረቀት በሰሌዳው ላይ ሳይታረም አልገባም አሉ። አልታረመም፤ አልገቡም። አንድ ቀን መጥተው ጋዎናቸውን መለሱ፣ ማደባለቂያ ክፍል ያሉትን አንድ በአንድ ተሰናበቱ፣ በቢሮው በር ሳያልፉ ወጡ። አሁን ካራ ውስጥ ሦስት ሴቶች በከፈቱት ሳሙና ቤት ዋና ቀማሚ ናቸው። እኔ ጡረታ እስክወጣ እዚያው ቆየሁ። ልጆች ነበሩኝ፤ ሌላ ምክንያት አላቀርብም።

ለአዲስ ቀማሚዎች የምለው ይህ ነው። ማያያዣ ሲቀየር ፒኤች ይለካል፣ ማቆያው በዚያ ፒኤች መሥራቱ ይረጋገጣል፣ ከዚያ በኋላ ይፈረማል። ምርት ሲበላሽ መጀመሪያ የሚመረመረው ምርቱ ነው።